የተፈጥሮ ሃይድሮጂንና የጠዳ ባዛልት

የተፈጥሮ ሃይድሮጂን ያለ ፋብሪካ፣ በምድር ውስጥ በራሱ የሚፈጠር ጋዝ ነው። ሲነድ ውሃ ይሆናል እንጂ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይለቅም። ዛሬ ኢንዱስትሪ የሚጠቀምበት ሃይድሮጂን ግን አብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል ስለሚመረት አመራረቱ አየሩን ይበክላል።

ጋዙ በዋናነት በሁለት መንገድ ይፈጠራል። አንደኛው ውሃ ብረት በበዛበት ዓለት ውስጥ ሲሰርግ ነው፤ በኦሊቪን ማዕድን ያለው ብረት የውሃውን ኦክስጅን ሲወስድ ሃይድሮጂኑ ነፃ ይወጣል። ሂደቱ ከ200 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ሙቀት ይፋጠናል። ሁለተኛው የዩራኒየም፣ የቶሪየምና የፖታሺየም ጨረር ውሃን ሲሰነጥቅ ነው።

ጋዙ መፈጠሩ ብቻውን አይበቃም፤ የሚያግተው ክዳን ያስፈልገዋል። በማሊ ቡራኬቡጉ መንደር እ.ኤ.አ. በ1987 ለውሃ የተቆፈረ ጉድጓድ ጋዝ ተፋ፤ ሲመረመርም 98 በመቶው ሃይድሮጂን ሆኖ ተገኘ፤ ኋላም ለመንደሩ ኤሌክትሪክ አመነጨ። በዚያ ጋዙን አፍኖ የያዘው የባዛልት የቅርብ ዘመድ የሆነው የዶለራይት ንጣፍ ነው።

በኢትዮጵያ ሃይድሮጂን ከምድር እንደሚወጣ የታወቀው በአፋር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከኤርታ አሌ እሳተ ገሞራ የተወሰዱ የጋዝ ናሙናዎች 1.5 በመቶ ገደማ ሃይድሮጂን ነበራቸው። ለመፈጠሩ ምቹ የሆኑ ኦሊቪን የበዛባቸው ዓለቶችም በወለጋ ዩብዶ ይገኛሉ።

ከጎንደር በስተደቡብ የምትገኘው ጠዳ የተቀመጠችው ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት በፈሰሰ ባዛልት ላይ ነው። ባዛልቱ ብረት ቢኖረውም የዩብዶን ዓለት ያህል ኦሊቪን የለውም፤ ስለዚህ ለጠዳ የሚጠቅመው ከምንጭነቱ ይልቅ ክዳንነቱ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት በጣና አካባቢ ከባዛልቱ ሥር የሜሶዞይክ ዘመን የደለል ተፋሰስ መኖሩን አሳይቷል። ከዚያ በታች ጋዝ ከተፈጠረና የባዛልቱ ንጣፍ ስንጥቅ ካልበዛበት ክምችት ሊኖር ይችላል፤ ስንጥቅ ከበዛበት ግን ጋዙ ያመልጣል፤ በአፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎችም ይመገቡታል።

ይህን ለማጣራት የመጀመሪያው እርምጃ ውድ አይደለም። በጎንደር ዙሪያ የውሃ ጉድጓድ በተቆፈረ ቁጥር የጉድጓዱን ጋዝ መለካትና ውጤቱን መዝግቦ ማኖር ይገባል። ሃይድሮጂን በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ልኬቱ ለቆፋሪዎች ደኅንነትም ይጠቅማል።