አይሮፕላንን በሌሊት የማሳረፍና የመነጋገር ታሪክ

ሰው በቀን ሲጓዝ ዓይኑ ይመራዋል፤ በጨለማ ሲጓዝ ግን መንገዱን የሚያውቅ የሌላ ሰው ድምፅ ያስፈልገዋል። እንግዳ በሌሊት ወደ ቤት ሲመጣ ባለቤቱ መብራት ይዞ ይወጣና «በዚህ በኩል ና፤ እዚያ ጋ ጉድጓድ አለ» እያለ ያስገባዋል። አይሮፕላንም በሌሊት የሚያርፈው በዚሁ ዓይነት ነው። ልዩነቱ እንግዳው በአየር ላይ መሆኑና ቆሞ ለመጠበቅ አለመቻሉ ነው። እንግዲህ በሰማይ ያለው አብራሪና በምድር ያለው ተቆጣጣሪ በጨለማ እንዴት መነጋገር እንደ ቻሉ በአጭሩ ለማስረዳት እሞክራለሁ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያው ዘመን አብራሪውን በሌሊት የሚያነጋግረው እሳት ብቻ ነበር። በአሜሪካ አገር ደብዳቤ የሚያመላልሱት አይሮፕላኖች ቀን ቀን ይበሩና ሲመሽ ደብዳቤው ወደ ባቡር ይዛወር ነበር። በየካቲት 1921 ግን ፖስታው ቀንም ሌሊትም ሳያቋርጥ ከአንዱ ውቅያኖስ ዳር እስከ ሌላው ሊደርስ እንደሚችል ለማሳየት ሙከራ ተደረገ። ጃክ ናይት የተባለ አብራሪ በኔብራስካ ክፍለ አገር ከኖርዝ ፕላት ተነሥቶ ወደ ኦማሃ ሲበር ገበሬዎችና የፖስታ ሠራተኞች በመንገዱ ላይ ደመራ የመሰለ እሳት አንድደው መሩት። ኦማሃ ሲደርስ የሚተካው አብራሪ አልመጣም ነበር። ስለዚህ ከዚያ በፊት በርሮበት በማያውቀው መንገድ ካርታ ይዞ ወደ ቺካጎ ጉዞውን ቀጠለ። ነዳጅ ለመጨመር አዮዋ ሲቲ ላይ ማረፍ ነበረበት፤ ነገር ግን በዚያ የነበሩት ሠራተኞች በረራው የቀረ መስሏቸው ወደየቤታቸው ሄደዋል። የቀረው አንድ የሌሊት ዘበኛ ብቻ ነበር። ይህ ሰው በጨለማው ውስጥ የሞተር ድምፅ በሰማ ጊዜ ፈጥኖ መብራት ለኮሰ፤ ናይትም ያንን አይቶ በደኅና አረፈ። ደብዳቤው ከሳን ፍራንሲስኮ ተነሥቶ በ33 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ኒው ዮርክ ደረሰ። ስሙ በታሪክ የሚነሣው አብራሪው ቢሆንም፣ ዘበኛው ጆሮውን ባያቀና ኖሮ ታሪኩ ሌላ በሆነ ነበር።

ሆኖም እሳት ሊናገር የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም «መሬት እዚህ ነው» የሚለውን ነው። «ቆይ፤ ከፊትህ ሌላ አይሮፕላን አለ» ለማለት አይችልም። አይሮፕላኖች እየበዙ በሄዱ ጊዜ ይህ ጉድለት ታወቀ። በ1929 በሴንት ልዊስ ከተማ አርቺ ሊግ የተባለ ሰው በአይሮፕላን ማረፊያው ዳር ሁለት ባንዲራዎች ይዞ መቆም ጀመረ። ዕቃውን የሚያመላልሰው በአንድ የእጅ ጋሪ ሲሆን ከፀሐይ የሚከልለውም ጃንጥላ ነበር። ቀዩ ባንዲራ «ቁም»፣ ባለ ዳማው ደግሞ «ሂድ» ማለት ነው። በአሜሪካ የመጀመሪያው የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ እርሱ እንደ ሆነ ይነገራል።

ነገር ግን ባንዲራ በሌሊት አይታይም። ስለዚህ ከማማው ላይ ወደ አይሮፕላኑ የሚያነጣጥር ባለ ቀለም መብራት መጣ። ይህ መብራት ዛሬም ራዲዮ ሲበላሽ ያገለግላል። የማያቋርጥ አረንጓዴ ለማረፍ መፈቀዱን፣ የማያቋርጥ ቀይ ለሌላ አይሮፕላን መንገድ ለቅቆ መዞር እንደሚገባ፣ ብልጭ ድርግም የሚል ቀይ ደግሞ ሜዳው አደገኛ ስለ ሆነ ማረፍ እንደማይገባ ያመለክታል። አብራሪውም በሌሊት የራሱን መብራት አብርቶ በማጥፋት «አይቻለሁ» ብሎ ይመልሳል።

ከዚህ በኋላ የሰው ድምፅ ራሱ ወደ ሰማይ ወጣ። በ1930 በአሜሪካ የክሊቭላንድ ከተማ ማማ በራዲዮ ከአብራሪዎች ጋር መነጋገር ጀመረ። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ በ1920ዎቹ መጀመሪያ በለንደን አጠገብ በክሮይደን የራዲዮ ሹም የነበረው ፍሬድሪክ ሞክፎርድ በአደጋ ጊዜ የሚጠራ ቃል እንዲያወጣ ተጠይቆ «ሜይዴይ» የሚለውን መረጠ። በዚያ ማረፊያ አብዛኛው በረራ ከፈረንሳይ ጋር ስለ ነበረ ቃሉ የተወሰደው «እርዱኝ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው።

ድምፅ ከተገኘ በኋላም ችግሩ አላለቀም፤ በራዲዮ ጫጫታ ውስጥ አንዱ ፊደል ከሌላው ይምታታልና። በእንግሊዝኛ «ቢ»፣ «ዲ» እና «ፒ» የሚሉት ፊደላት ከሩቅ ሲሰሙ አንድ ይመስላሉ። ስለዚህ ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ከ1956 ጀምሮ እያንዳንዱን ፊደል በሙሉ ቃል፣ ማለት «ብራቮ»፣ «ዴልታ»፣ «ፓፓ» እየተባለ እንዲጠራ አደረገ። ይህ ድርጅት የተፀነሰው በ1944 በቺካጎ በተደረገው ጉባኤ ሲሆን፣ አገራችን ኢትዮጵያም በዚያ ከተገኙት ጥቂት የአፍሪካ አገሮች አንዷ ነበረች። ከዚህም ሌላ አንድ ታላቅ ሥርዓት ተደነገገ፤ ይኸውም ተቆጣጣሪው ለማረፍ ሲፈቅድ አብራሪው የተነገረውንና የመንደርደሪያውን ቁጥር መልሶ መናገር አለበት፤ ተቆጣጣሪውም ያንን አዳምጦ ስሕተት ካለ ያርማል። ተናጋሪው መናገሩ ብቻ አይበቃም፤ ሰሚው በትክክል መስማቱ መታወቅ አለበት።

ይህ ሥርዓት በተለይ የራሱን ትንሽ አይሮፕላን ለሚያበር ሰው ይጠቅማል። በትልቅ አይሮፕላን አንዱ ሲያበር ሌላው በራዲዮ ይነጋገራል። የግል አብራሪ ግን ብዙ ጊዜ ብቻውን ነው፤ መሪውን ይይዛል፣ ካርታውን ያያል፣ ራዲዮውንም ይመልሳል። በአሜሪካ በሌሊት ተቆጣጣሪ የሌላቸው ብዙ ትንንሽ ማረፊያዎች አሉ። በነዚህ ቦታዎች አብራሪው የራዲዮውን መናገሪያ ቁልፍ በ5 ሴኮንድ ውስጥ 3፣ 5 ወይም 7 ጊዜ ሲጫን የሜዳው መብራት ይበራለታል፤ 7 ጊዜ ከተጫነ ብርሃኑ ከሁሉ የበለጠ ይደምቃል። ከዚያም የት እንዳለና ምን ለማድረግ እንዳሰበ በአካባቢው ላሉት አብራሪዎች ይናገራል። የአዮዋ ሲቲው ዘበኛ ሥራ ዛሬ በመሣሪያ ይሠራል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ መሣሪያው ሁሉ ተሟልቶ ቃሉ ቢጎድል ምን እንደሚሆን በጥር 25 ቀን 1990 ታየ። ከኮሎምቢያ የተነሣ አቪያንካ 52 የተባለ አይሮፕላን ወደ ኒው ዮርክ ሲቃረብ አየሩ መጥፎ ስለ ነበረ በጠቅላላው 77 ደቂቃ ያህል በአየር ላይ እንዲጠብቅ ተደረገ። ነዳጁም እያለቀ ሄደ። ለማረፍ ሞክሮ ሳይሳካለት እንደገና ወደ ላይ ወጣ። በዚያን ጊዜ ዋናው አብራሪ አደጋ ላይ መሆናቸውን እንዲናገር ረዳቱን አዘዘው። ረዳቱ ግን ስለ ሌላ ጉዳይ ሲመልስ በንግግሩ መጨረሻ ላይ ነዳጃቸው እያለቀ መሆኑን ጨምሮ ተናገረ እንጂ፣ «ሜይዴይ» ወይም «አደጋ ላይ ነን» የሚለውን ቃል አላወጣም። ቀደም ሲልም ቅድሚያ እንዲሰጣቸው ብቻ ነበር የጠየቀው። ተቆጣጣሪዎቹ ነገሩ የሞትና የሕይወት መሆኑን አልተረዱም። አይሮፕላኑ በሌሊት በሎንግ አይላንድ ኮረብታ ላይ ወደቀ፤ ከ158 ሰዎችም 73 ሞቱ። ከዚህ የተነሣ በኋለኛው ዘመን ስለ ነዳጅ ማለቅ የሚነገሩት ቃላት ሁሉም በአንድ ዓይነት እንዲረዳቸው ተደርገው ተወሰኑ።

እኔ ይህን ታሪክ በተማርሁ ጊዜ ያሰብሁት ስለ ክፍላችን ነበር። መምህራችን የሒሳቡን ትምህርት ጨርሰው «ገባችሁ?» ብለው ሲጠይቁ፣ ምንም ሳይገባኝ ከጓደኞቼ ጋር «አዎን» ያልሁበት ቀን ብዙ ነው። አላወቀም እንዳልባል ፈርቼ ነበር፤ በፈተና ቀን ግን ብቻዬን ነበርሁ። አባቶቻችን «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ብለዋል፤ ደግሞም «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ብለዋል። ሁለቱም እንደየጊዜያቸው እውነት ናቸው፤ በጨለማ ላለ ሰው ግን የሚበጀው ሁለተኛው ነው።

የትምህርት ቤታችንን በዓል ስናከብር፣ በዚህ ዓመት ትምህርታችንን ፈጽመን የምንሄድ ተማሪዎች ወደማናውቀው መንገድ እንነሣለን። ለታናናሾቻችን የምንተወው ምክር ይህ ነው፤ ያልገባችሁን «አልገባኝም»፣ የከበዳችሁንም «ከበደኝ» በሉ። ወላጆቻችንንና መምህሮቻችንን ደግሞ በትሕትና የምንለምነው፣ በሌሊት ድምፅ ሲሰማ መብራት እንደ ለኮሰው እንደዚያ ዘበኛ ሆነው እንዲጠብቁን ነው።