ገዳይ በኪራይ

በሼፈርድስ ቡሽ ገበያ የሱቅ ኪራይ የሚያስጨንቀውን ወገናችንን ባየን ቁጥር በደቡብ አፍሪቃ ያለው ባለሱቅ ትዝ ይለናል። በዚያ አገር ቅጥር ነፍሰ ገዳይ «ኢንካቢ» ይባላል፤ በዙሉ ቋንቋ በሬ ማለት ነው፤ ጠምዶ ለሚያርስበት ሁሉ የሚታዘዝ። ሙያው ሥር የሰደደው በ1988 (እ.ኤ.አ.) ሕግ የታክሲ ንግድ ቁጥጥር ከላላ ወዲህ፣ ባለታክሲዎች መሥመር ለመነጣጠቅ ታጣቂ ሲገዙ ነው። ቆይቶ ተፎካካሪ ባለሱቅን ማስወገጃም ሆነ።

መንግሥትስ? በ2012 የሊምፖፖ ፖሊስ ከ600 በላይ የስደተኛ ሱቆችን ዘጋ። የሶማሌና የኢትዮጵያ ማኅበራት ተሟግተው በ2014 ይግባኝ ሰሚው ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመነገድ መብታቸውን አጸናላቸው። የንግድ ፈቃድ ግን ጥይት አይመልስም።

ቀጣሪው ሁልጊዜ ባዕድ ነው ብለን ራሳችንን አንደልል። ወገናቸውን በማገት የተከሰሱ ኢትዮጵያውያን በዚያው አገር ፍርድ ቤቶች ቆመዋል።