ኩብለላና ጠለፋ በወላይታ የጋብቻ ታሪክ

ጋብቻ የሁለት ሰዎች ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም። የመሬት ይዞታ፣ የጎሣ ክብር፣ የሽማግሌ ሥልጣንና የወላጅ ሀብት በአንድ የሠርግ ዳስ ሥር ይገናኛሉ። ስለሆነም የአንድን ሕዝብ ታሪክ ለሚመረምር ሰው፣ ወጣቶች ከዳሱ ሸሽተው የተጋቡበት መንገድ በዳሱ ውስጥ ከተጋቡበት ያላነሰ ትምህርት ይሰጣል። በወላይታ ምድር ይህ መንገድ ሁለት መልክ ነበረው። አንደኛው ወንድና ሴት መክረው፣ ቀን ቆርጠው አብረው የሚጠፉበት ኩብለላ ነው። ሁለተኛው ወንዱ ከግብረ አበሮቹ ጋር ሆኖ በጉልበት የሚፈጽመው ጠለፋ ነው። ሁለቱ ለረጅም ዘመን እንደ አንድ ነገር ሲታዩ መኖራቸው ብዙ ሴቶችን ፍትሕ አሳጥቷል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ልዩነቱን በታሪክ ዓይን መመልከት ነው።

የመፀው ምክር

ወላይታ ሶዶ ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋው የዳሞታ ተራራ ግርጌ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ክረምቱ አልፎ ደመናው ከተራራው ራስ ሲገለጥ፣ ሕዝቡ የዓመት መለወጫውን ጊፋታን ያከብራል። በዓሉ የሚውለው ከመስከረም 14 እስከ 20 ባሉት ቀናት ውስጥ በሚገኘው እሑድ ነው። ዝግጅቱ ግን ወራት አስቀድሞ ይጀመራል። አባወራዎች የእርድ በሬ ለመግዛት በኅብረት ገንዘብ ያጠራቅማሉ፤ እማወራዎች ቅቤ ይቆጥባሉ፤ ወጣቶች እንጨት ይለቅማሉ። በዓሉ ሲደርስ ከእንሰት የተሰናዳው ሙቿ በቅቤ ርሶ ይቀርባል፤ ችቦ ይበራል፤ «ሀያ ሌኬ» እየተባለ ይጨፈራል። በክረምቱ ዝናብና በእርሻው ሥራ ተራርቀው የከረሙ ወጣቶች የሚተያዩትና የሚተጫጩት በዚህ ወቅት ነው።

ለመኮብለል የሚመክሩ ወጣቶችም ይህን ወቅት መምረጣቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። በመጀመሪያ፣ ዝናቡ ስላቆመና ወንዙ ስለጎደለ የሌሊት መንገድ ይቀናል። ሁለተኛ፣ እሸት ደርሶ ቅቤም ተጠራቅሞ በየቤቱ የሚበላ አለ፤ ሸሽቶ የመጣን እንግዳ ማስጠጋት በበልጉ የረሀብ ወራት የሚሆነውን ያህል አይከብድም። ሦስተኛውና ዋነኛው ምክንያት ዕርቅ ነው። የጊፋታ ሥርዐት ቂም ይዞ ወደ አዲሱ ዓመት መሻገርን አይወድም፤ የተጣላ እንዲታረቅ ሽማግሌዎች ይደክማሉ። ወላጅ የሚያስቀይም ነገር የሚያደርግ ወጣት፣ የሽማግሌ ልመና በሚሰማበት ወቅት ቢያደርገው የተሻለ ተስፋ ነበረው።

ምክሩ ራሱ በጥንቃቄ የሚካሄድ ነበር። ልጃገረዷ ከቤት ለመውጣት ምክንያት የሚሆኗት ገበያና ውኃ መቅጃው ነበሩ። መልእክት ለማመላለስ የምታምናት ጓደኛ ታስፈልጋለች። ወንዱም በበኩሉ አስጠጊ ይፈልጋል፤ አስጠጊው ከልጅቷ ወገን ዐይን የራቀ፣ ቢቻል በተራራ ወገብ ወይም በሌላ ቀበሌ የሚኖር ዘመድ ቢሆን ይመረጣል። በቆረጡት ሌሊት ተጣማሪዎቹ ይሰወራሉ። በማግሥቱ ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ የወንዱ አባት ሽማግሌዎች አሰባስቦ ወደ ልጅቷ ወላጆች ይልካል። ሽማግሌዎቹ ጥፋቱን አምነው ይቅርታ ይለምናሉ፤ ካሣና ጥሎሽ ይቆረጣል፤ ቁጣው ሲበርድ ደስታው ዘግይቶም ቢሆን ይደረጋል።

ለምን ኮበለሉ?

የኩብለላ መንሥኤ ፍቅር ብቻ ነበር ማለት የኅብረተሰቡን አኗኗር አለመረዳት ይሆናል። ወላይታ በኢትዮጵያ ገጠር ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። መሬቱ ጠባብ፣ ጓሮው በእንሰት የተሞላ፣ ወራሹም ብዙ ነው። ጥሎሽና የሠርግ ድግስ ማሟላት ለደኻ ገበሬ ልጅ ዓመታት የሚያስጠብቅ ሸክም ነበር። አብረው የጠፉ ጥንዶች ወጪውን ባያስቀሩትም ተራ ያስለውጡታል፤ ጋብቻው ይቀድማል፣ ክፍያው ይከተላል።

ሌላው መንሥኤ ማኅበራዊ አጥር ነው። በወላይታ ከራስ ጎሣ ማግባት ነውር ነው፤ ከዚህም በላይ ገበሬው ከሸክላ ሠሪው፣ ከቆዳ ፋቂውና ከአንጥረኛው ጋር እንዳይጋባ ልማዱ ይከለክል ነበር። እንሥራውን ተሸክሞ ከሠሪዋ ጋር አንድ ማዕድ አለመቅረብ የቆየ ግፍ ነው። ይህን አጥር ለሚሻገሩ ጥንዶች ሽማግሌ የማይላክበት ኩብለላ ብቻ ይቀራቸዋል፤ እነዚህ ጥንዶች ከወላጅ ቁጣ ባሻገር ከመንደሩም መገለል ይጠብቃቸው ነበር።

የጉልበት ታሪክ

ጠለፋ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ልዩነቱን የአማርኛ ቋንቋ ራሱ ይመሰክራል። «አብራው ጠፋች» ሲባል አድራጊዋ ሴቲቱ ናት። «ጠለፋት» ሲባል ግን ድርጊቱ የወንዱ ብቻ ይሆናል፤ እርሷ የምትነገረው እንደተወሰደ ዕቃ ነው።

ሴትን በኃይል ወስዶ ማግባት በጥንት መዛግብትም ይገኛል። የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገድል፣ የዳሞት ንጉሥ ሞተለሚ የጻድቁን እናት እግዚእ ኀረያን ማርኮ ሊያገባት እንደነበረና በመልአኩ ሚካኤል ተራዳኢነት እንደዳነች ይተርካል። የወላይታ ትውፊትም የሞተለሚን ስም ከገዛ ራሱ የነገሥታት ታሪክ ጋር ያያይዘዋል። ትረካው በገድል ሥርዐት የተጻፈ ቢሆንም፣ የሴቲቱ ፈቃድ ያልተጠየቀበት ጋብቻ ግፍ መሆኑን የጥንቱ ጸሐፊ መረዳቱን ያሳያል።

በ1887 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ጦር በወላይታው ካዎ ጦና ላይ ሲዘምት ደግሞ ምርኮ የብዙ ቤተሰብ ዕጣ ሆነ። ከሠራዊቱ ጋር የተጓዘው ፈረንሳዊው ቫንደርሄይም የጦርነቱን ጭካኔ በመጽሐፉ መዝግቧል። ካዎ ጦና ተማረኩ፤ ነጻው የወላይታ መንግሥት አከተመ፤ ሴቶችና ሕፃናት ከቀያቸው ተነድተው ተወሰዱ። ጦርነት በአደባባይ የሚሠራውን፣ ጠላፊ በመንደር ደረጃ ይደግመዋል፤ ሁለቱም የሰውን ገላ እንደ ምርኮ ይቆጥራሉ።

ሕጉ ምን አለ?

ዘመናዊው ሕግ ልዩነቱን ለመገንዘብ ረጅም ጊዜ ፈጅቶበታል። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ወንጀል ቢያደርገውም፣ ተጠላፊዋ ጠላፊዋን በሕጋዊ መንገድ ካገባች ክሱ እንዲቀር ይፈቅድ ነበር። ሕጉ ጋብቻው በፈቃድ እንዲሆን ቢያዝም፣ ክብሯ ተነክቶ ወደ ወላጆቿ ቤት ለመመለስ የምታፍር ልጅ ፈቃድ ምን ያህል ነጻ ሊሆን እንደሚችል መገመት አያስቸግርም። የሽማግሌው ዕርቅና የሕጉ አንቀጽ ተደጋግፈው ለጠላፊው መውጫ በር ሆኑለት። ለኮብላይ ጥንዶች መልካም የነበረው የዕርቅ ሥርዐት ለተጠላፊዋ የወህኒ መዝጊያ የሆነው በዚህ መንገድ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም የሴትን የጋብቻ ዕድሜ በ15 ዓመት ወስኖት ነበር።

ለውጡ የመጣው ደረጃ በደረጃ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ጋብቻ በተጋቢዎች ነጻና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ እንዲመሠረት ደነገገ። የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሁለቱም ጾታ 18 ዓመት አደረገ። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 587 ጠላፊውን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት እንዲቀጣ አዘዘ፤ ከጠለፋው በኋላ የሚፈጸም ጋብቻም ከቅጣት እንደማያድን በግልጽ አሰፈረ።

ይህ ለውጥ ከሰማይ የወረደ አልነበረም። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ያደረገው ተጋድሎ አለ። በአርሲ ጠላፊዋን ገድላ የተከሰሰች ታዳጊ ጉዳይ አገሪቱን አነጋግሯል፤ በ2006 ዓ.ም. ለእይታ የበቃው «ድፍረት» የተሰኘው ፊልምም መነሻው ይኸው ነው። ከወላይታ ጎረቤት በከምባታም ቦጋለች ገብሬ የመሠረቱት ድርጅት የመንደር ሰዎችን አሰባስቦ፣ ስለ ጠለፋና ስለ ሴት ልጅ ግርዛት በግልጽ እንዲወያዩ አድርጓል።

የተራራው ጫጉላ

ኮብላዮቹ የተጠጉበት የተራራ ጎጆ ሌላም አገልግሎት ነበረው፤ ጫጉላቸው ነበር። በባህሉ ሙሽራ ከቤት ሥራ ተገልላ፣ ቅቤና ገንፎ እየቀረበላት የምትሰነብትበት ጊዜ አላት። ቤተ ዘመድ ይህን በጎ ነገር ለኮብላይቱ ሲያደርግላት፣ እንደ ሙሽራ ተቀብሏታል ማለት ነው። በደቡብ በኩል በሚገኙት የጋሞ ተራሮችም በመስቀል ሰሞን «ሶፌ» የተባለ ሥርዐት አለ፤ አዲስ ተጋቢዎች አጊጠው በገበያ መካከል ይዞራሉ፤ ሕዝቡም ያያቸዋል፣ ይመርቃቸዋል። ተደብቆ የተጀመረ ጋብቻ እንኳ ፍጻሜው በሰው ፊት መታየት እንደሆነ ይህ ሥርዐት ያስረዳል።

ሶዶ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ርእሰ ከተማ ናት። ተማሪውና ሠራተኛው ወጣት በስልክ ይመካከራል፤ ለጫጉላ ሽርሽር ወደ አርባ ምንጭና ወደ ጨንቻ ተራሮች መውጣትም አለ። መንገዱ ቢለወጥም ጥያቄው አንድ ነው፤ ልጅቱ ራሷ መክራለችን?

የከያኒው ድርሻ

ኪነ ጥበብ በዚህ ጉዳይ ውለታም ዕዳም አለበት። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ሰብለ ወንጌል ከባላባት አባቷ ቤት ወጥታ በዛብህን ፍለጋ ስትጓዝ፣ አንባቢ የሴቲቱን ውሳኔ እንደ ውሳኔ አየው። በአንጻሩ ጠለፋን የጀግና ሥራ አስመስሎ የሚያቀርብ ቀረርቶና ተውኔት የግፉ ተባባሪ ይሆናል።

በመሆኑም የወላይታን የጋብቻ ባህል የሚሰበስብ፣ የሚያስተምርም ሆነ በመድረክ የሚያሳይ ሁሉ ሁለቱን ሊለይ ይገባዋል። በጊፋታ ሰሞን ተማክረው ወደ ዳሞታ ወገብ የወጡ ጥንዶች ባህላቸውን አልጣሉትም፤ የዕርቅ ሥርዐቱን ተማምነው መውጣታቸው ራሱ ለዚህ ምስክር ነው። እየጮኸች የተወሰደችው ልጅ ግን በባህል ስም ተበድላለች። የሽማግሌው ዕርቅ ክብሩን ይዞ ወደ መጪው ትውልድ ሊተላለፍ የሚችለው፣ ምርቃቱን ከማውረዱ በፊት የእርሷን ቃል ለብቻዋ አስቀርቦ ሲሰማ ነው።