የጎመን ምንቸት ውጣ!

«የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ!» ይባላል በመስቀል ሰሞን። ልጆች ሳለን እኛም ችቦ ይዘን አብረን ጮኸናል። ያን ጊዜ ጨዋታ ነበር የመሰለን። ዛሬ የታሪክ ትምህርት ጀምረን ዜና መዋዕሉን ስናገላብጥ ግን፣ የዚህችን አንዲት አባባል ያህል ስለ ሰፊው ሕዝብ ኑሮ የሚነግረን ገጽ ብዙ አላገኘንም።

ዜና መዋዕሎቻችን ስለ ምግብ አያወሩም ማለታችን አይደለም። ያወራሉ እንጂ! የሚያወሩት ግን ስለ ግብር ነው፤ ስንት ሰንጋ ታረደ፣ ስንት ጋን ጠጅ ተቀዳ፣ ማን ከማን በላይ ተቀመጠ። እቴጌ ጣይቱ እ.ኤ.አ. በ1887 ለእንጦጦ ማርያም ያስደገሱት ድግስ እስከ ዛሬ ይተረካል። በዚያው ሰሞን ከተራራው ሥር የምትኖር የአንድ ገበሬ ሚስት ምን እንደ ጣደች የጻፈልን የለም። ወሩን ከነገሩን ግን ድስቷን መገመት አያቅተንም። የድሃ ምድጃ የቀን መቁጠሪያ ነውና።

ሐምሌና ነሐሴ የጎመን ወራት ናቸው። ጎተራው ተጠርጓል፤ አዲሱ እህል ገና ማሳ ላይ ነው። ከጓሮ የተቀነጠሰ ጎመን፣ ጨው፣ ቃሪያ፣ ከተገኘም ነጭ ሽንኩርት፤ በቃ ይኸው ነው። የፍልሰታም ጾም እዚሁ ላይ ይውላል፤ ስለዚህ ቅቤ ያጣው ቅቤ ካለው ጋር ለአሥራ አምስት ቀን እኩል ይሆናል። መስከረም ሲጠባ የበቆሎ እሸት ይጠበሳል። ቀድሞ የደረሰው ገብስ ተወቅቶ ገንፎ ይገነፋል፤ መሐሉ ተጎድጉዶ ቅቤና በርበሬ ይፈስበታል። ቀጥሎ የባቄላ እሸት ይመጣል፤ ከዚያም ከክረምቱ በተረፈ እርጥበት ብቻ የሚያድገው ሽምብራ ከነቅጠሉ እየተነቀለ ይበላል። ከአውድማ በኋላ ደሞ አተሩና ሽምብራው ይቆላል፣ ይከካል፣ ከበሶብላና ከኮረሪማ ጋር ተፈጭቶ ሽሮ ይሆናል። ሽሮ ማለት እኮ በጋን ለክረምት ማስቀመጥ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ከጥንት ጀምሮ ሳይለወጥ የመጣ ነው ብለን እንዳንሞኝ። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን ቆይቶ በጻፈው መጽሐፍ፣ በዐቢይ ጾም ሰዉ ስለሚበላው ደረቅ ምግብና ስለ ሰናፍጭ ማባያም አንሥቷል። ዛሬም በሁዳዴ ስልጆ ስንበላ ያንኑ ሰናፍጭ እንቀምሳለን። በርበሬውስ? እኛ አበሾች የምንኮራበት ቀይ በርበሬ እኮ የትውልድ አገሩ አሜሪካ ነው። ከ1492 እ.ኤ.አ. በፊት ከዚያ ውጭ የሚያውቀው አልነበረም። በቆሎም እንደዚሁ የዚያው አገር ልጅ ነው፤ የቀድሞ ሰዎች «የባሕር ማሽላ» ያሉት ከባሕር ማዶ መምጣቱን ስላልረሱ ነው። እነዚህን እንግዶች ተቀብሎ ከጤፉ፣ ከኑጉና ከጎመኑ ጋር ያዋደዳቸው ማነው? አዋጅ አልወጣበትም፤ ሊቅ አልተከራከረበትም። በጓዳ ውስጥ፣ በእናቶች እጅ የተፈጸመ ነው።

አሁን ወደ ጎመኑ ምንቸት እንመለስ። ጎተራው በሐምሌ ባዶ የሚሆነው ዝናብና ፀሐይ ስለ ፈረዱ ብቻ ነውን? አይደለም። ከዚያ የእንጦጦ ድግስ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ክፉ ቀን መጣ፤ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ። መጀመሪያ ከብቱ በበሽታ አለቀ፤ በሬ ሲያልቅ ማረሻው ቆመ፤ ማረሻው ሲቆም ሰዉ አለቀ። እ.ኤ.አ. በ1892 ዳግማዊ ምኒልክ ወታደሩ በገበሬው ቤት እየተመራ መብላቱን ይተው ብለው አሥራት ደነገጉ። እፎይታ ነበር፤ ነገር ግን ከአሥር አንዱ ወጣ። መሬቱ የሰው የሆነበት ጭሰኛ ደሞ ከቀረው ላይ እርቦ ወይም ሲሶ፣ አንዳንዱም እኩሌታ፣ ለባለ መሬቱ ይሰፍራል። አሥራት እስከ 1960 ዓ.ም.፣ ጭሰኝነት እስከ የካቲት 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ቆይተዋል። እንግዲህ የግብሩ ጠጅና የክረምቱ ጎመን ከአንድ ማሳ የወጡ ናቸው፤ ያኛው ሲበዛ ይህኛው ይረዝማል።

ስለዚህ የወቅት ምግብ ጣፋጭ ነው ብለን ብቻ እንዳናልፍ። ጓያን እናስታውስ። ዝናብ ሲያጥር ሌላው እህል ሲጠወልግ ጓያ ይቆማል፤ ወራት ሙሉ እሱን ብቻ የበላውን ሰው ግን እግሩን ይሰብረዋል። ገበሬው ይህን አያውቅም? ያውቃል። ምርጫ ሲያጣ ይበላል። ይህም የወቅት ምግብ ነው።

ታዲያ በዚህ ሁሉ መሐል የሚያስደንቀን አንድ ነገር አለ። ከእጦት ውስጥ ጣዕም ወጥቷል። ሌሊት ተነሥታ በድንጋይ ወፍጮ የፈጨች፣ ውሃና እንጨት ተሸክማ የመጣች ሴት፣ በአንድ ጭልፋ ዱቄትና በአንድ ቁንጥር በሶብላ ልጆቿን «ይጣፍጣል» አሰኝታለች። ይህ ዕውቀት አልተጻፈም። የትኛው ባቄላ ለስልጆ፣ የትኛው ሽምብራ ለሽሮ እንደሚሆን፣ በርበሬው በስንተኛው ፀሐይ እንደሚነሣ በእናቶቻችን ጭንቅላት ውስጥ ብቻ አለ። እነሱ ሲያልፉ አብሮ ያልፋል።

ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ እንግዲህ ደብተር እንያዝ። ከተሰጠን መብላቱን አንተውም፤ ነገር ግን ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብለን እንጠይቅ፤ በየትኛው ወር ምን እንደ ተበላ፣ ምን እንደ ጎደለ፣ ማን እንደ ወሰደው። የታሪክ ተማሪ ነን ካልን ይኸም መዝገብ ቤት ነው።

የችጋሩ ምንቸት ይውጣ፤ ሙያው ግን ከኛ ጋር ይግባ።