የአፍንጫ ጌጥ ውፍረት

የአፍንጫ ጌጥ ውፍረት በተበሳ አፍንጫ ቀዳዳ ውስጥ የሚያልፈው የጌጡ ዘንግ ወይም ሽቦ ያለው የአግድም ስፋት (ዲያሜትር) ነው። የሚለካው በሚሊሜትር ወይም «ጌጅ» በሚባል የሽቦ ቁጥር ነው። ከጌጡ ርዝመት፣ ከፈርጡ ስፋትና ከቀለበቱ መጠን የተለየ መለኪያ ሲሆን፣ ጌጡ ወደ ቀዳዳው መግባት አለመግባቱን፣ ከገባም በኋላ ሥጋውን መቁረጥ አለመቁረጡን የሚወስነው በዋናነት እርሱ ነው። ለአፍንጫ ክንፍ (ለጎንና ጎኑ ለስላሳ ክፍል) በብዛት የሚውሉት 0.8 እና 1.0 ሚሊሜትር፣ ሁለቱን የአፍንጫ ቀዳዳዎች ለሚለየው መካከለኛ ግድግዳ ደግሞ 1.2 ሚሊሜትር ናቸው።

የጌጅ ቁጥር

ጌጅ ከሽቦ ሥራ የመጣ መለኪያ ነው። ሽቦ የሚቀጥነው እየጠበቡ በሚሄዱ ቀዳዳዎች ውስጥ ደጋግሞ በመሳብ ስለሆነ፣ ብዙ ጊዜ የተሳበው ትልቅ ቁጥር ይይዛል። ስለዚህ ቁጥሩ ሲጨምር ውፍረቱ ይቀንሳል፤ 20 ጌጅ ከ18 ጌጅ ይቀጥናል። የጌጥ ሠሪዎች ቁጥር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1857 በወጣው የአሜሪካ የሽቦ መለኪያ ላይ ነው። በዚህ መለኪያ ቁጥሩ በ6 ሲቀንስ ውፍረቱ እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ ለምሳሌ 20 ጌጅ 0.8 ሚሊሜትር፣ 14 ጌጅ ደግሞ 1.6 ሚሊሜትር ነው።

በገበያ ላይ የሚገኙት የሰውነት ጌጦች ግምታዊ ልክ የሚከተለው ነው፦

• 22 ጌጅ = 0.6 ሚሊሜትር። በጣም ቀጭን፤ በርካሽ የአፍንጫ ጌጦች የተለመደ።
• 20 ጌጅ = 0.8 ሚሊሜትር። ለአፍንጫ ክንፍ የተለመደ።
• 18 ጌጅ = 1.0 ሚሊሜትር። ለአፍንጫ ክንፍ የተለመደ፤ በሙያተኞች ዘንድ ለመጀመሪያ ብስ በብዛት የሚመረጥ።
• 16 ጌጅ = 1.2 ሚሊሜትር። ለመካከለኛው ግድግዳ የተለመደ፤ ለአፍንጫ ክንፍ ወፍራም የሚባል።
• 14 ጌጅ = 1.6 ሚሊሜትር። በአብዛኛው ቀዳዳቸውን ቀስ በቀስ ያሰፉ ሰዎች የሚጠቀሙበት።

የሕክምና መርፌ ቁጥር

በሕክምና መርፌና በደም ሥር ቱቦ (ካኑላ) ላይ የሚጻፈው ጌጅ ከጌጥ ጌጅ ጋር አንድ አይደለም። 18 ጌጅ የሲሪንጅ መርፌ የውጭ ውፍረቱ 1.27 ሚሊሜትር ሲሆን፣ 18 ጌጅ የጌጥ ሽቦ ግን 1.0 ሚሊሜትር ነው። 20 ጌጅ መርፌ 0.9 ሚሊሜትር፣ 20 ጌጅ ጌጥ 0.8 ሚሊሜትር ነው። ካኑላ ደግሞ በመርፌው ላይ የተሸፈነ ፕላስቲክ ስላለው ከዚህም ይወፍራል፤ አረንጓዴው 18 ጌጅ ካኑላ 1.3 ሚሊሜትር፣ ሮዝ ቀለም ያለው 20 ጌጅ 1.1 ሚሊሜትር ገደማ ነው።

ስለዚህ አፍንጫው በክሊኒክ መርፌ የተበሳ ሰው «በ18 ነው የተበሳሁት» ብሎ ጌጥ ቢፈልግ ሊሳሳት ይችላል። ከዚህም በላይ ቀዳዳው ከዳነ በኋላ የሚይዘው መጠን የበሳውን መርፌ ሳይሆን በውስጡ የቆየውን ጌጥ ተከትሎ ነው። በ1.27 ሚሊሜትር መርፌ ተበስቶ 0.8 ሚሊሜትር ጌጥ የገባበት ቀዳዳ ሲድን ወደ 0.8 ሚሊሜትር ይጠጋል።

ቀዳዳው መዳኑን ማወቅ

ውፍረት ለመቀየር መጀመሪያ ቀዳዳው ሙሉ በሙሉ መዳን አለበት። የአፍንጫ ክንፍ ብስ ለመዳን በአብዛኛው ከ4 እስከ 6 ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ የመካከለኛው ግድግዳ ግን ከ2 እስከ 3 ወር ሊበቃው ይችላል። ከውጭ የዳነ የሚመስል ቀዳዳ በውስጡ ገና ጥሬ ሊሆን ይችላል፤ ቆዳው ከሁለቱ ጫፎች ተነሥቶ ወደ መካከል እየሸፈነ ስለሚሄድ መካከሉ የሚድነው መጨረሻ ላይ ነው። የዳነ ቀዳዳ ሲነካ አያምም፣ ፈሳሽና ቅርፊት አያወጣም፣ አይቀላም፣ ጌጡም ሲዞር ሳይይዝ ይንቀሳቀሳል።

የዳነ የአፍንጫ ቀዳዳ ከጆሮ ቀዳዳ ይልቅ ፈጥኖ ይጠብባል። በአፍንጫ ውስጠኛ ወገን ያለው እርጥብ ሽፋን ቶሎ ስለሚገጥም፣ ለዓመታት የቆየ ቀዳዳ እንኳ ጌጡ ከወጣ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ አልገባም ሊል ይችላል። ስለዚህ ለልኬት ሲባል ጌጡን አውጥቶ ማሳደር አይመከርም።

ያለውን ጌጥ መለካት

ትክክለኛው መነሻ ቀዳዳው ውስጥ ተመችቶ የቆየውን ጌጥ መለካት ነው። በተማሪ ማስመሪያ መለካት አይቻልም፤ የማስመሪያ ትንሹ ክፍልፋይ 1 ሚሊሜትር ሲሆን፣ በ0.8 እና በ1.0 መካከል ያለው ልዩነት የእርሱ አንድ አምስተኛ ብቻ ነው። ወርቅ አንጥረኞችና የብረት ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ካሊፐር ግን ይህን ልዩነት ያሳያል። የሚለካው ቆዳው ውስጥ የሚቀመጠው የዘንጉ ክፍል ነው እንጂ ጫፉ ላይ ያለው እብጠት ወይም ፈርጡ አይደለም።

ውፍረት የሚያመጣው ልዩነት

በቁጥር ትንሽ የሚመስለው ልዩነት በሥጋው ላይ ትልቅ ነው። ከ0.8 ወደ 1.0 ሚሊሜትር ሲኬድ የሽቦው የመስቀለኛ ስፋት በ56 በመቶ ያድጋል፤ ከ0.8 ወደ 1.2 ሲኬድ ደግሞ 2.25 እጥፍ ይሆናል። የውስጥ ስፋቱ 8 ሚሊሜትር የሆነ ባለ 18 ካራት የወርቅ ቀለበት በ0.8 ሚሊሜትር ሽቦ ሲሠራ 0.2 ግራም፣ በ1.0 ሲሠራ 0.35 ግራም፣ በ1.2 ሲሠራ 0.5 ግራም ገደማ ይመዝናል። በ1.2 ሚሊሜትር ቲታኒየም የተሠራ ተመሳሳይ ቀለበት 0.15 ግራም ገደማ ብቻ ነው።

በጣም የቀጠነ ጌጥ ክብደቱንና ግጭቱን በጠባብ መስመር ላይ ስለሚያሳርፍ፣ ልብስ ወይም ፎጣ በያዘው ቁጥር እንደ ክር ሥጋውን ይቆርጣል። በጊዜ ብዛት ቀዳዳው ወደ ታች እየረዘመ ይሄዳል፤ አንዳንዴም ጫፉ ይሰነጠቃል። ልል የሆነ ቀጭን ጌጥ ይወልቃል፤ በእንቅልፍ ጊዜ ወልቆ ሊዋጥ ወይም ወደ አየር ቧንቧ ሊገባ ይችላል። በተቃራኒው ከቀዳዳው የወፈረ ጌጥ በኃይል ሲገባ የቀዳዳውን ውስጠኛ ቆዳ ይሰነጥቃል፤ ቁስሉም ሲድን ጠባሳ ይሆናል፣ ቀዳዳውም ከቀድሞው የጠበበና የደረቀ ይሆናል።

ከባድ ፈርጥ ወይም ሰፊ ቀለበት የሚያደርግ ሰው ከቀጭኑ ይልቅ 1.0 ሚሊሜትር የተሻለ ድጋፍ ይሰጠዋል። ጥቃቅን ፈርጥ ብቻ ለሚፈልግና አፍንጫው ትንሽ ለሆነ ሰው 0.8 ሚሊሜትር ይበቃል። 0.6 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች የሆነ ጌጥ ለዘወትር አይመረጥም።

ውፍረት መቀየር

ወደ ወፍራም የሚደረግ ሽግግር በአንድ ጊዜ ከአንድ ደረጃ አይበልጥም፤ ከ0.8 ወደ 1.0፣ ከ1.0 ወደ 1.2። ከ1.2 ወደ 1.6 ያለው እርምጃ ከቀደሙት ሁለት እጥፍ ስለሆነ ይበልጥ ትዕግሥት ይጠይቃል። በየደረጃው መካከል ቢያንስ ከ1 እስከ 2 ወር ይጠበቃል። ጌጡና እጅ በደንብ ከጸዱ በኋላ፣ ከሙቅ ውኃ መታጠብ ቀጥሎ ቆዳው ሲለሰልስ ማስገባት ይቀላል። ማለስለሻ ካስፈለገ ውኃ አዘል የሆነው ይመረጣል፤ ቅቤና የፀጉር ቅባት ለዚህ አይሆኑም። ደም ከታየ ወይም ሕመም ከተሰማ ይቆማል፤ የቀድሞው ጌጥ ተመልሶ ይገባል።

ወደ ቀጭን የሚደረግ ሽግግር ሕመም የለውም፤ ሆኖም ቀዳዳው በሳምንታት ውስጥ ስለሚጠብብ ወደ ቀድሞው መመለስ እንደ አዲስ ማስፋት ይሆናል።

የጌጥ ቅርጽ

የመያዣው ቅርጽ ከውፍረቱ ጋር አብሮ ይታያል። ጫፉ እብጥ ያለ ቀጥ ያለ ዘንግ፣ ዘንጉ 0.8 ሚሊሜትር ቢሆንም እብጠቱ ከዚያ ስለሚሰፋ፣ ሲገባና ሲወጣ ቀዳዳውን ያቆስላል፤ ላልዳነ አፍንጫ ፈጽሞ አይሆንም። የታጠፈና የተጠማዘዘ ዘንግ ወጥ ውፍረት ስላለው ለዳነ ቀዳዳ ይስማማል። ከውስጥ ጠፍጣፋ መቀመጫ ያለውና ፈርጡ ከውጭ የሚገጠምለት ዓይነት በቀላሉ አይወልቅም። ቀለበት በውፍረቱ ልክ ቢሆንም የውስጥ ስፋቱ ከጠበበ የአፍንጫውን ጠርዝ ይጫናል።

ማዕድን

ልኩ ትክክል ሆኖ ቆዳው ከተቆጣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ማዕድኑ ነው። ለሕክምና ተከላ የሚውል ቲታኒየም፣ ኒዮቢየም፣ እንዲሁም ኒኬል የሌለበት የ14 ካራትና ከዚያ በላይ ወርቅ ተመራጭ ናቸው። 18 ካራት ወርቅ 75 በመቶ፣ 21 ካራት 87.5 በመቶ ንጹሕ ወርቅ አለው። የካራቱ ቁጥር ሲጨምር ወርቁ ይለሰልሳል፤ ስለዚህ ከ21 ካራት የተሠራ ቀጭን ዘንግ በቀላሉ ይጣመማል። ነጭ ወርቅ ብዙ ጊዜ ኒኬል ይቀላቀልበታል። የአውሮፓ ኅብረት በብስ ውስጥ የሚገባ ጌጥ በሳምንት በካሬ ሴንቲሜትር ከ0.2 ማይክሮግራም በላይ ኒኬል እንዳይለቅ ይከለክላል።

ብር በእርጥበት ይጠቁራል፣ ቆዳንም ሊያጠቁር ይችላል። ቅብ የሆነው «አርቴፊሻል» ጌጥ ደግሞ ቅቡ ሲላጥ ከሥር ያለው ብረት ከቆዳ ጋር ይገናኛል።

ጤና

ንጽሕናው ባልተጠበቀ መርፌ መበሳት ኤችአይቪን፣ ሄፓታይተስ ቢንና ሄፓታይተስ ሲን ሊያስተላልፍ ይችላል። ለጆሮ የተሠራው መበሻ ሽጉጥ ጌጡን በግፊት ስለሚያስገባና ሙሉ በሙሉ መቀቀል ስለማይችል ለአፍንጫ አይመከርም። የአፍንጫ ለምለም አጥንት በባክቴሪያ ሲያዝ ቅርጹን ሊያጣ ይችላል፤ እብጠት፣ ሙቀት፣ መግልና ትኩሳት ከታዩ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። ጌጡን በራስ ማውጣት ቀዳዳውን ዘግቶ መግሉን ውስጥ ሊያስቀረው ይችላል። ለዕለት ጽዳት ከመድኃኒት ቤት የሚገኘው 0.9 በመቶ የጨው ውኃ (ኖርማል ሳላይን) ይበቃል።

ከቁስሉ ወሰን አልፎ የሚያድገው ኬሎይድ የተባለው ጠባሳ በጥቁር ሕዝቦች ዘንድ ከሌሎች ይልቅ ይበዛል። ራሱ ወይም ቤተሰቡ በክትባት ቦታ፣ በጆሮ ብስ ወይም በጭረት ላይ ኬሎይድ የወጣበት ሰው ቀዳዳውን ባያሰፋ ይመረጣል፤ እያንዳንዱ መሰንጠቅ አዲስ ቁስል ነውና። ሆኖም በቀዳዳው አፍ ላይ የሚወጣ ትንሽ ቀይ እብጠት ሁሉ ኬሎይድ አይደለም፤ ብዙው ከግጭት ወይም ከማይስማማ ልክ የሚመጣ ሲሆን ምክንያቱ ሲወገድ ይከስማል።

ታሪክና ባህል

የአፍንጫ ጌጥ ጥንታዊ ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 24 የአብርሃም ሎሌ ለርብቃ በአፍንጫዋ ያደረገላት የወርቅ ቀለበት ግማሽ ሰቅል ይመዝን እንደነበር ተጽፏል፤ ይህ 5.5 ግራም ገደማ ሲሆን ከላይ ከተሰላው የ1.2 ሚሊሜትር የወርቅ ቀለበት አሥራ አንድ እጥፍ ገደማ ይሆናል። በሕንድና በአካባቢዋ የአፍንጫ ጌጥ የሙሽራ መለያ ነው። በኤርትራ የብሌን ሴቶች የወርቅ የአፍንጫ ቀለበት ያደርጋሉ።

በኢትዮጵያ ደጋማ ክፍሎች ከአፍንጫ ይልቅ የጆሮ መበሳት ይታወቃል። ቀስ በቀስ የማስፋት ጥበብ ግን በአገሪቱ ደቡብ ምዕራብ በሙርሲና በሱሪ ሴቶች ዘንድ ጎልቶ ይታያል፤ የታችኛው ከንፈር ከተቀደደ በኋላ መጠናቸው እያደገ የሚሄድ እንጨቶች በተራ ይገባሉ፣ በመጨረሻም ገሉ ይቀመጣል። የማርትሬዛ ብር እየቀለጠ ለባህላዊ ጌጣ ጌጥ ይውል ነበር፤ የብር ይዘቱም 83.3 በመቶ ነው።

በአዲስ አበባና በዙሪያዋ

በአሁኑ ጊዜ የአፍንጫ ጌጥ በከተማ ወጣቶች ዘንድ ይታያል። በወርቅ ቤት ንግዳቸው የታወቁት የአዲስ አበባ ሰፈሮች ፒያሳና መርካቶ ናቸው። ወርቅ በግራም ስለሚሸጥ ቀጭን ሽቦ ዋጋውን ይቀንሳል፤ ገዢውን ወደ 0.6 ሚሊሜትር የሚስበውም ይኸው ነው። አንጥረኛ ሽቦውን በሚፈለገው ልክ መሳብ ስለሚችል፣ ትእዛዙን በግራምና በካራት ብቻ ሳይሆን በሚሊሜትር መናገር፣ ሲረከቡም በካሊፐር ማስለካት ይጠቅማል። ልኩ ያልተጻፈበት «አርቴፊሻል» ጌጥ ሲገዛም እንዲሁ ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ለሚኖሩት የሰበታና የተፍኪ ነዋሪዎች፣ በዚያው አቅጣጫ በከተማዋ ምዕራባዊ ክፍል የሚገኘው አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ይሰጣል። አለርት በ1958 ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተመሠረተ ተቋም ነው። የሚያድግ ጠባሳ ወይም የማይድን ቁስል ያለበት ሰው ጌጡን ደጋግሞ ከመቀየር ይልቅ ወደ ቆዳ ሐኪም ቢሄድ ይመረጣል።