መጤዎች የሸመኑት የእንግሊዝ ሱፍ

ጥሩ ልብስ ሰፊ የሱፍ ጣቃ ሲፈታ መጀመሪያ ዓይኑን የሚጥለው ጠርዙ ላይ ነው። በጠርዙ ላይ በክር የተሸመነ «ሃደርስፊልድ፣ እንግሊዝ» የሚል ጽሑፍ ካየ ስለ ጥራቱ ብዙ አይከራከርም። እኔ የምኖረው ሃደርስፊልድ ነው፤ እንጀራዬም ያው ሱፍ ነው። እዚህ በቆየሁ ቁጥር እያደር የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ዓለም «የእንግሊዝ» ብሎ የሚያከብረው ይህ ጨርቅ ከጥንት ጀምሮ ከሌላ አገር የመጡ ሰዎች እጅ ያለበት መሆኑ ነው። በሰው አገር «እኛ እዚህ ምን አለን?» እያልን ለምንኖር ሁሉ ይህን ታሪክ መንገር እወዳለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ13ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ትልቁ ሀብት ጨርቁ ሳይሆን ጥሬ ሱፉ ነበር። እንደ ፋውንቴንስና ከርክስቶል ያሉ የእኛው አውራጃ የዮርክሻየር ገዳማት በሺሕ የሚቆጠር በግ ያረቡ ነበር፤ ሱፉን የጣሊያን ነጋዴዎች ይገዙታል፣ ነገሥታቱም ቀረጡን ለጦርነታቸው ያውሉታል። ምርጡ ጨርቅ የሚሸመነው ግን ባሕር ማዶ፣ በፍላንደርስ ከተሞች ነው። በ1331 ንጉሥ ኤድዋርድ ሦስተኛ ጆን ኬምፕ ለሚባል የፍላንደርስ ሸማኔ የጥበቃ ደብዳቤ ሰጡት። ሸማኔው ከነረዳቶቹና ከነንብረቱ ያለ ሥጋት እንዲኖር፣ ሙያውን መማር ለሚሻም እንዲያስተምር የሚፈቅድ ደብዳቤ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ ጠብቆ የሚያውቅ ሰው ሁሉ የዚያች ወረቀት ክብደት ይገባዋል።

ከዚያ በኋላ የመጡት ብዙ ናቸው፤ እኔን ይበልጥ የሚነካኝ የኖርዊች ታሪክ ነው። የከተማይቱ የሽመና ንግድ ተዳክሞ ሳለ ሹማምንቷ ለንግሥት ኤልሳቤጥ ቀዳማዊት አመለከቱ፤ በ1565 በፍላንደርስ ከነበረው የስፔን አገዛዝና ከሃይማኖት ስደት የሸሹ 30 ባለሙያዎች ከነቤተሰባቸው እንዲሰፍሩ ተፈቀደ። ሰዎቹ «እንግዶቹ» ተባሉ። ቀላልና ባለ ብዙ ቀለም አዲስ ዓይነት ጨርቅ ይዘው መጡ፤ ገበያው ተነሣ። ሃያ ዓመት ሳይሞላ ከከተማዋ ነዋሪ ሲሶው ገደማ እነሱ ሆኑ። ሁሉም ሰው ደስ አላለውም። በ1570 እንግዶቹን ከከተማው ለማባረር ሤራ ተጠንስሶ ነበር፤ ተደርሶበት መሪዎቹ በሞት ተቀጡ። እንግዶቹ ቤታቸው ውስጥ ያረቧት የነበረች ካናሪ የምትባል ቢጫ ወፍ ደግሞ ዛሬ የኖርዊች እግር ኳስ ቡድን መለያ ናት። ስታዲየም ገብቶ ለቢጫዋ ወፍ የሚዘምረው ደጋፊ ሁሉ፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ የስደተኛ ሸማኔዎችን ወፍ ነው የሚያወድሰው።

እናቴ የመንዝ ሰው ናት። እዚያ ሴቶች የበጉን ጠጉር በእንዝርት ይፈትላሉ፣ ወንዶች ባና ይሸምኑበታል፤ የመንዝ ብርድ ያለ ባና አይቻልም። ሱፍ ፋብሪካ መግባቴን በስልክ ስነግራት መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ደመወዜ አልነበረም።

«በጉ የኛን ይመስላል?»

«እማዬ፣ በጉ እዚህ የለም። ለስላሳው ሱፍ የሚመጣው ከአውስትራሊያ ነው።»

«ታዲያ እንግሊዝነቱ ምኑ ላይ ነው?»

ጥያቄዋ ቀላል አይደለም። በሥራ ቦታዬ ላሉ አንጋፋ ሴቶች ሳነሣው አብዛኞቹ የመለሱልኝ «ውሃው ነው» ብለው ነው። ከፔናይን ተራሮች የሚወርደው ውሃ ኖራ የለበትም፤ ሳሙና ወዲያው አረፋ ይይዝበታል፣ ሱፉን ሳያደርቅ ያጥበዋል። ዛሬም ጨርቁ ከታጠበ በኋላ በእጅ ሲዳሰስ ልዩነቱ ይታወቃል ይላሉ፤ እኔም ዳስሼ አምኛለሁ። ውሃው ግን ብቻውን ጨርቅ አይሠራም። ሌላው መልስ እጁ ነው።

ክፍላችን ከሽመና በኋላ ያለው ነው። ጨርቁ ከማሽን ሲወርድ ደረቅና ሻካራ ነው፤ ዘይት ዘይት ይሸታል። መስኮት ፊት ለፊት ከላይ በተሰቀለ ዘንግ ላይ ይጎተትና ብርሃን በውስጡ ያልፋል፤ መርማሪዋ ጉድለት ባየችበት ሁሉ በጠመኔ ምልክት ታደርጋለች። ከዚያ ዘመም ያለው ጠረጴዛችን ላይ ይመጣል። ቋጠሮ ካለ በወረንጦ ወደ ላይ ስበን እናወጣዋለን። ድር ተበጥሶ ወይም ማግ ጎድሎ ከሆነ ከዚያው ቀለም፣ ከዚያው ውፍረት ክር እንመርጥና በመርፌ የሽመናውን መንገድ ተከትለን፣ ሁለት ከላይ ሁለት ከታች እያሳለፍን፣ የጎደለውን እንሞላለን። መጨረሻ ላይ ጨርቁን ገልብጠሽ፣ በብርሃን አሳልፈሽ ስታዪው የት እንደነበረ መታወቅ የለበትም። እንከኑን ቀድሞ የሚያገኘው ጣት ነው፤ ዓይን በኋላ ይደርሳል። ያስተማረችኝ እንግሊዛዊት ሴት ዓይኔን ጨፍኜ ጨርቁን እንድዳስስ ታደርገኝ ነበር። እናቴ ልቃቂት በጣቷ እያሸች «ይኼ ቀጥኗል፣ ይኼ ወፍሯል» ስትል የኖረች ናትና፣ ለእኔ ይህ ትምህርት ባዕድ አልሆነብኝም።

በድሮ ጊዜ ይህ ሁሉ ሥራ በቤት ውስጥ ነበር። በኮረብታዎቹ ላይ አሁንም የቆሙት የሸማኔ ቤቶች ይለያሉ፤ የላይኛው ፎቅ ከጫፍ እስከ ጫፍ መስኮት ነው፣ ለሽመናው ብርሃን እንዲገባ። አባት ይሸምናል፣ እናት ትፈትላለች፣ ልጆች ያበጥራሉ፤ ጓሮ ውስጥ ላም አለች። የተሸመነው ታጥቦና ተረግጦ ከጠበቀ በኋላ ሜዳ ላይ በቆመ እንጨት ላይ በመንጠቆ ተወጥሮ ይደርቃል። ከዚያ ላይ የሰረቀ ወየውለት! በጎረቤታችን በሃሊፋክስ ከተማ 13 ፔኒ ተኩል የሚያወጣ ጨርቅ የሰረቀ ሰው አንገቱ በመሣሪያ ይቆረጥ ነበር፤ ይህ ቅጣት ለመጨረሻ ጊዜ የተፈጸመው በ1650 ነው።

ንግዱም ወግ ነበረው። ዳንኤል ዲፎ በ1720ዎቹ ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ የሊድስን የጨርቅ ገበያ ገልጾታል። ደወል ሲደወል ሸማኔዎቹ ጨርቃቸውን ረጃጅም ሣንቃ ላይ ይዘረጋሉ፤ ነጋዴው ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ ዋጋ ይጠራል፤ አንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ብዙ ሺሕ ፓውንድ ያለ ጩኸት ይለዋወጣል። በኋላ ሃሊፋክስ ላይ በ1779 የተከፈተው ፒስ ሆል 315 ክፍሎች ያሉት፣ መሐሉ ሰፊ አደባባይ የሆነ የድንጋይ ሕንፃ ነው። የቤተ መንግሥት ያህል ያማረው ይህ ሕንፃ የተሠራው ለተራ የመንደር ሸማኔ ነው፤ አንድ ጣቃውን ተሸክሞ የመጣ ገበሬ የሚሸጥበት።

ይህን ሕንፃ ሳይ የእኛ አገር ሸማኔ ትዝ ይለኛል። የለበስነውን ሁሉ ሠርቶ ሲያበቃ በሙያው ተሰድቧል፣ «ቡዳ» ተብሏል፣ ልጁን የሚያገባለት ጠፍቷል። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። የእንግሊዝ ሸማኔ ድሃ ነበር፣ ተበዝብዟልም፤ በሙያው የሚያፍር ግን አልነበረም። በዚህ እቀናለሁ።

ፋብሪካ ሲመጣ የኮረብታው ቤት ባዶ ሆነ። ከሽመና በኋላ የጨርቁን ጠጉር 18 ኪሎ በሚመዝን መቀስ የሚያስተካክሉ ባለሙያዎች እዚሁ ሃደርስፊልድ አካባቢ በ1812 ማሽኖቹን በመዶሻ ሰባበሩ፣ አንድ የፋብሪካ ባለቤትም ተገደለ። በ1813 መጀመሪያ 17 ሰዎች ዮርክ ላይ ተሰቀሉ። ልጆቻቸው ፋብሪካ ገቡ።

ከጎረቤታችን ብራድፎርድ የበለጠ የሱፍ ከተማ አልነበረም። በ1801 13,000 ገደማ ሕዝብ ነበራት፤ በ1851 ከ100,000 በላይ ሆነ። ጨርቋን ለዓለም የሸጡት በአብዛኛው ከጀርመን የመጡ ነጋዴዎች ናቸው፤ ብዙዎቹ አይሁድ ነበሩ። ከሃምቡርግ የመጣው ጄኮብ ቤረንስ በ1838 እዚያ ሰፍሮ የከተማዋ የንግድ ምክር ቤት እንዲቋቋም ከደከሙት ዋነኛው ሆነ። ቻርልስ ሴሞን በ1864 ከንቲባ ሆነ። የሙዚቃ ደራሲው ፍሬድሪክ ዲሊየስ የእነዚህ ነጋዴዎች ልጅ ነው። መጋዘኖቻቸው የቆሙበት ሰፈር እስካሁን ሊትል ጀርመኒ ይባላል።

የብራድፎርድ ሀብት ግን ሰው ይገድል ነበር። ከፔሩ የአልፓካ፣ ከቱርኩ ቫን የፍየል ጠጉር በጆንያ ይመጣል፤ ጆንያውን ከፍቶ ጠጉሩን በየዓይነቱ የሚለይ ሠራተኛ ጠዋት ደህና ገብቶ ማታ ደረቱ ይያዛል፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል። «የሱፍ ለቃሚዎች በሽታ» አሉት። በ1880 ገደማ ጆን ሄንሪ ቤል የተባለ የከተማው ሐኪም ምንነቱን አረጋገጠ፤ አባ ሰንጋ ነው። የሞተ ከብት ገፎ ወይም በልቶ በአባ ሰንጋ የታመመ ሰው የማያውቅ የገጠር ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው፤ በአቧራ ተስቦ ሳንባ ሲገባ ግን የባሰ ነው። መፍትሔውን ፍለጋ የደከመው ሐኪም ፍሬደሪክ ዩሪክም መጤ ነው፤ ጀርመን ተወልዶ በልጅነቱ ብራድፎርድ የመጣ። ከ1905 ጀምሮ ለዓመታት የተመረዘ ጠጉርና ደም በገዛ እጁ እየመረመረ ጀርሙ እንዴት እንደሚገደል አጠና። በ1919 ሕግ ወጣ፤ አደገኛው ሱፍ ገና ወደብ ላይ ሳለ እንዲታጠብና በፎርማሊን እንዲጸዳ ሆነ። እኔ ዛሬ ያለ ፍርሃት ጣቴን ሱፍ ውስጥ የምሰደው ያ ሰው ስለደከመ ነው። ስሙን የሚያነሣ ብዙ አለመኖሩ ያሳዝነኛል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፖላንዳውያንና ዩክሬናውያን ገቡ፤ በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ደግሞ ፓኪስታናውያን፣ በተለይ የሚርፑር ሰዎች። እዚያ የማንግላ ግድብ ሲሠራ መንደራቸውን ውሃ የዋጠባቸው ከ100,000 በላይ ነበሩ። ፋብሪካዎቹ ውድ ማሽን ገዝተው ሌት ተቀን ሊያሠሩት ይፈልጋሉ፤ ሌሊቱን ግን የአገሬው ሰው አይፈልገውም። ሌሊቱ የእነሱ ሆነ። ጎረቤቴ የሆኑ አንድ አዛውንት ከወንድማቸው ጋር አንድ አልጋ ይጋሩ እንደነበር አጫውተውኛል፤ አንዱ ሲነሣ ሌላው ይተኛል፣ አልጋው አይቀዘቅዝም። የማሽኑ ጩኸት ጆሯቸውን ጎድቶታል፤ ሳወራቸው ከንፈሬን ያያሉ። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ፋብሪካዎቹ ተራ በተራ ሲዘጉ ቀድመው ሥራ ያጡት እነሱ ነበሩ። ስለ ዮርክሻየር ሱፍ ታሪክ ሲጻፍ የባለ ፋብሪካዎቹ ስም በድንጋይ ተቀርጾ፣ የእነዚህ ሰዎች ሌሊት በአንድ መስመር መታለፉ ትክክል አይመስለኝም።

ዛሬ ብዙዎቹ ፋብሪካዎች መኖሪያ ቤትና የሥዕል ማሳያ ሆነዋል፤ የብራድፎርድ የሱፍ ገበያ አዳራሽ መጻሕፍት መደብር ነው። የሚሠሩት ግን አሉ፤ ለጣሊያንና ለጃፓን ልብስ ሰፊዎች የሚሆን ጨርቅ ከዚህ ይወጣል። ችግሩ ሰው ነው። ያስተማሩን ሴቶች ጡረታ እየወጡ ነው፤ ይህ ሙያ ደግሞ በወራት አይያዝም፣ ጣት እስኪለምድ ዓመታት ይጠይቃል። አሁን አጠገቤ የምትለማመደው ከሱዳን የመጣች ልጅ ናት። ቋጠሮ ፍለጋ ጣቷ ፈጣን ነው፤ መርፌው ላይ ገና ትቸኩላለች፣ ቀስ በይ እላታለሁ።

ወደ ከተማችን አዲስ የሚመጡ የአገሬ ልጆች ሥራ ሲያጠያይቁኝ ወዲያው የሚያስቡት መጋዘንና አረጋውያን መንከባከብ ነው። ሁለቱም የተከበሩ ሥራዎች ናቸው። እኔ ግን እናታቸው ትፈትል እንደነበር፣ ጥልፍ ይችሉ እንደሆነ እጠይቃለሁ። አዎ ካሉኝ ክፍላችንን እንዲያዩ አስፈቅጄ ይዣቸው እገባለሁ፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ጠመኔ የነካው ቦታ ላይ እጃቸውን አሳርፋለሁ።