ርዕሰ መስተዳድር

«ርዕሰ መስተዳድር» ማለት በኢትዮጵያ የክልል አስፈጻሚ አካል የበላይ ኃላፊ ሲሆን፣ ሥልጣኑን የሚያገኘው በቀጥታ ከሕዝብ ድምፅ ሳይሆን፣ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል ካደረገው የክልል ምክር ቤት ነው። ምክር ቤቱ ተጠሪነቱ ለወከለው ሕዝብ ሲሆን የክልሉን ሕገ መንግሥት ያወጣል፤ ዳኝነቱ የፍርድ ቤቶች ነው። የካናዳ ክፍለ ሀገር መሪም እንዲሁ ከምክር ቤት አብላጫ ድምፅ የሚወጣ ቢሆንም፣ ከበላዩ ዘውዱን የሚወክል ገዢ አለ፤ የኢትዮጵያው፣ ለምሳሌ የአፋር ክልል ርዕሰ መስተዳድር፣ ግን እንዲህ ያለ ወኪል የለበትም።

የሥልጣን ክፍፍሉ ደግሞ ከሥያሜው ይልቅ ያከራክራል። የ1867ቱ የካናዳ ሕግ የክፍለ ሀገራትን ሥልጣን ዘርዝሮ ቀሪውን ለማዕከሉ ሲተው፣ የኢትዮጵያው አንቀጽ 52 በተቃራኒው ለፌዴራል መንግሥት በተለይ ወይም ለሁለቱም በጋራ ያልተሰጠውን ሁሉ ለክልሎች ይተዋል። ይህ በወረቀት ሰፊ የሆነ ሥልጣን በአፋር ክልል በምትገኘው በሚሌ ከተማ ሲታይ ግን ገደቡ ይገለጣል፤ ከባቲ የሚመጣው መንገድ ከአዋሽ ወደ ክልሉ ርዕሰ ከተማ ሰመራ የሚያልፈውን በሚገናኝበት በዚህ ስፍራ፣ የወረዳው አስተዳደር መዋቅሩ በዞኑ በኩል እስከ ሰመራ የሚዘልቅ የክልሉ አካል ሲሆን፣ የጭነት መኪኖችን የሚፈትሸው ጉምሩክ ግን፣ የገቢና ወጪ ዕቃ ቀረጥ በአንቀጽ 96 ለፌዴራል መንግሥት ስለተሰጠ፣ ለርዕሰ መስተዳድሩ አይታዘዝም።